ፒዲኤፍ የለቀቀ ሁሉ «የማፊያ ተላላኪ» ነው?

የደሴ ልጅ፦ ትናንት ማታ ጎጃም በረንዳ እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፈውን ሳነብ ደሜ ፈላ። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 የጣሊያን ፖሊስ ከአውሮፓ ኅብረቱ የፖሊስ ተቋም ከዩሮፖል ጋር ሆኖ ስለበጣጠሰው ሕገ ወጥ የቴሌቪዥን ስርጭት መረብ ዜና ለጠፈ፤ 22 ሚሊዮን ተጠቃሚ፣ በወር 250 ሚሊዮን ዩሮ። ጥሩ። ከሥሩ ግን «እኛም ዘንድ በቴሌግራም መጽሐፍ የሚለቅም የሚያወርድም የማፊያ ተላላኪ ነው» ብሎ ፈርዶብን ተኛ። እኔ ልብ ወለድ ማንበብ የለመድኩት በስልኬ ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከተቀዳደደ የመማሪያ መጽሐፍ በቀር ምንም አልነበረውም። እኔን የትኛው ማፊያ ነው የላከኝ?

ጎጃም በረንዳ፦ ካልኩት አንድ ቃል አልቀንስም። የሰው ላብ ወስዶ «ድሃ ስለሆንኩ ነው» ማለት አያዋጣም። ዛሬ መጽሐፍ፣ ነገ ፊልም፣ ከነገ ወዲያ የሰው የባንክ ሂሳብ። መንገዱ አንድ ነው።

አዟሪው፦ እኔ ከጎጃም በረንዳ ጋር ነኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ተሸክሜ ስዞር ወጣቱ ይጠራኛል፣ ያገላብጣል፣ የጀርባውን ጽሑፍ ያነባል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ከዚያ ሽፋኑን በስልኩ ፎቶ ያነሳና መጽሐፉን ይመልስልኛል። ለምን እንደሚያነሳ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ርዕሱን ቴሌግራም ላይ ሊፈልግ ነው። እዚያው ፊቴ ላይ! ከአንድ መጽሐፍ የማገኛት ትርፍ ለምሳ አትበቃኝም።

የደሴ ልጅ፦ አዟሪው ወንድሜ፣ አንተ መጎዳትህን ማን ካደ? እኔ የያዝኩት «የማፊያ ተላላኪ» የሚለውን ነው። ፎቶ ያነሳው ልጅ ማፊያ ነው?

አዟሪው፦ ማፊያ ይሁን አይሁን ለእኔ ምን ለውጥ አለው? መጽሐፉ አልተሸጠም።

ማስተር ካሴት፦ ልጆች፣ እኔ በካሴት ጊዜ መርካቶ ሙዚቃ ቤት ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ዘፋኙ ለፋሲካ ካሴት ያወጣል፣ በዓሉ ሳያልፍ ኮፒው አብሮት ይሸጣል። ኮፒውን በዓይን ትለየዋለህ፤ የሽፋኑ ቀለም ደብዝዞ የዘፋኙ ፊት ብርቱካን ይመስላል። ክሩም ስለሚያጥር የመጨረሻው ዘፈን መሃሉ ላይ ቀጥ ይላል። ያን የሚያባዛው ማን ነበር? ከእኛ ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ ያለ ነጋዴ፣ ጠዋት ቡና አብረን የምንጠጣ። አንዳንዱማ ዋናውን ካሴት የሚያከፋፍለው ራሱ ነበር። ማፊያ አላየሁም። ዘፋኙ ባዶ እጁን ሲቀር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎጃም በረንዳ፦ ጋሼ፣ መልሱን እርስዎ ራስዎ ሰጡልኝ። በአንድ እጁ ዋናውን በሌላ እጁ ኮፒውን የሚሸጥ አከፋፋይ የተደራጀ ወንጀለኛ ካልሆነ ምንድን ነው?

ማስተር ካሴት፦ ስግብግብ ነው፣ ልጄ። ያ ሰው ስም አለው፣ ሱቅ አለው፤ ትከሰዋለህ። ማፊያ ካልከው ግን የት ሄደህ ትይዘዋለህ? ያኔም «ከጀርባ ትልልቅ ሰዎች አሉ» እየተባለ የምናውቀውን ሰው ሳንነካ ዕድሜያችን አለቀ።

ሕግ ተማሪ፦ ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጦ ነበር። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ስለዚህ ድርጊቱ በራሱ ወንጀል ነው። አንድ ሰው ለመጠየቅ የግድ የማፊያ ተላላኪ መሆን የለበትም።

የደሴ ልጅ፦ ሕጉ ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ይፈቅድ የለም እንዴ? አንቀጽ 9።

ሕግ ተማሪ፦ እስከ መጨረሻው አንብበው። ያው አንቀጽ ሙሉውን ወይም አብዛኛውን የመጽሐፍ ክፍል ማባዛትን አይፈቅድም። ደግሞ ቻናል ላይ ለሺህ ሰው መልቀቅ ምኑ ነው የግል?

ዲሲ ነኝ፦ የማፊያው ወሬ መነሻው ሌላ ስለሆነ ልናገር። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም የፊልም ኮፒን ከተደራጀ ወንጀልና ከሽብር ጋር የሚያያይዝ ሪፖርት አወጣ። ወጪውን የሸፈነው የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ማኅበር ነው። 14 ጉዳዮች ተመረመሩ፤ ሽብር ያለባቸው 3 ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ደግሞ የአሜሪካው የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ብራዚልን፣ ሕንድን፣ ሩሲያን፣ ደቡብ አፍሪካን ሌሎችንም አይቶ በኮፒና በተደራጀ ወንጀል መካከል ስልታዊ ግንኙነት አላገኘሁም አለ። ያገኘው ዋና ምክንያት ዋጋ ነው፤ ደመወዝህ ትንሽ፣ የሲዲው ዋጋ ግን የኒውዮርክ። ጎጃም በረንዳ ይህን አንብቦ ቢሆን ኖሮ ያን ቃል አይወረውርም ነበር።

ጎጃም በረንዳ፦ «3 ናቸው» አልክ? የሽብር ጉዳይ ሦስት ሆኖ ሲገኝ ይናቃል? ከሦስቱ አንዱ ዲ-ካምፓኒ የሚባለው የሙምባይ የወንጀል ቡድን ነው፤ እሱን ማፊያ አይደለም የሚል ሰው ካለ ይምጣ። ደግሞ ሁለቱም ጥናቶች የዲስክ ዘመን ናቸው። እኔ የለጠፍኩት የ2024ን ነው።

ዲሲ ነኝ፦ የ2024ዎቹ ከደንበኛ በየወሩ ክፍያ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ናቸው። የእኛ ቻናሎች መጽሐፍ የሚለቁት በነጻ ነው። በነጻ የሚሠራ ማፊያ የት አለ?

ሰላም ከሪያድ፦ «በነጻ» የምትሉትን ተዉት። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ማታ ሥራ ስጨርስ መጽሐፍ የማነብበት አንድ ቻናል ነበር። ልብ ወለድ፣ ትረካ፣ የታሪክ መጽሐፍ፣ ሁሉ ነገር። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ስሙ ተቀይሯል፤ የመጽሐፍ ሥዕል የነበረው አርማ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል ተደርጓል። ከዚያ «ካናዳ ያለ ኤጀንሲ፣ ቪዛው ከወጣ በኋላ የሚከፈል፣ ለመመዝገቢያ ብቻ ቅድሚያ ላኩ» ይላል። መጽሐፎቹ ወደ ላይ ሲኬድ እዚያው አሉ። ተከታዩም እዚያው አለ፤ አብዛኞቻችን ዓረብ አገር ያለን ሴቶች። አብራኝ የምትኖር ልጅ ላከች። ገንዘቡን በልተው ብሎክ አደረጓት።

የደሴ ልጅ፦ እህቴ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን መጽሐፉን የለቀቀውና ያጭበረበረው አንድ ሰው ነው?

ሰላም ከሪያድ፦ አይመስለኝም። የድሮው ልጅ ሸጦት ነው። «ቻናል ይሸጣል፣ ተከታዮቹ እውነተኛ፣ ሐበሻ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ አታውቁም? ዋጋው በተከታይ ብዛት ነው። ተከታዩን የሰበሰበው ማን ነው? መጽሐፉ ነዋ።

ጎጃም በረንዳ፦ ይኸው! «ተላላኪ» ያልኩት ይህንን ነው። አንዱ በመጽሐፍ ይሰበስባል፣ ሌላው ያርዳል።

የደሴ ልጅ፦ አላልክም። ያልከው «የሚለቅም የሚያወርድም» ነው። በአንተ አነጋገር ገንዘቧን የተበላችው ልጅም የማፊያ ተላላኪ ልትሆን ነው። የሻጩንና የተጎጂውን ስም አንድ አደረግከው፤ የተናደድኩት በዚህ ነው።

ፋኖስ፦ ቴሌግራም እንዲህ ስለሆነ አይደል ባለቤቱን ፈረንሳይ ያሰረችው? የኮፒ መጽሐፍና ፊልም ስላበዛ ነው።

ሕግ ተማሪ፦ አይደለም። ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2024 ፓሪስ አጠገብ ሲያዝ የቀረቡት ክሶች የሕፃናት የወሲብ ምስል፣ አደንዛዥ ዕፅና ማጭበርበር የመሳሰሉ ናቸው። ስለ ኮፒ የሆነው የስፔኑ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከሰው አንድ ዳኛ ቴሌግራም በመላ አገሪቱ እንዲዘጋ አዘዘ፤ ጩኸቱ ሲበዛ በቀናት ውስጥ ትዕዛዙን ራሱ አገደው።

ፋኖስ፦ እሺ፣ ተስተካክሏል። ግን ከፊልም ጋር ልታወዳድሩት ከሆነ የትርጉም ፊልሞቹን ምን ልትሏቸው ነው? የሆሊውድና የቦሊውድ ፊልም ያለ ፈቃድ ወስደው ድምፃቸውን ይጨምሩበታል፣ ከዚያ መሃል ላይ «የኛን ሥራ አትስረቁ፣ ከቻናላችን ብቻ ተመልከቱ» ይላሉ።

አዟሪው፦ እነሱን አትንካ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ፊልም መረዳት የጀመረችው በእነሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚለፉ ልጆች ናቸው።

የደሴ ልጅ፦ አየህ? የእናትህ ሲሆን ልፋት ሆነ፣ የእኔ ሲሆን ሌብነት።

አዟሪው፦ የውጭዎቹ አይጎዱም። የእኛ ደራሲ ግን ይራባል።

ሕግ ተማሪ፦ በሕጉ በኩል አዟሪው ያለው ውስጥ እውነት አለ። አዋጁ የሚጠብቀው በዋናነት የኢትዮጵያውያንን፣ እዚህ የሚኖሩትንና እዚህ መጀመሪያ የታተመን ሥራ ነው። ውጭ ብቻ የታተመውን የሚያስገባልን ስምምነት ሲኖር ነው። ስንት የትርጉም መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ታትሞ በሕጋዊ መደብር ይሸጣል? አንተም ታዞራለህ።

አዟሪው፦ እኔ የተሰጠኝን ነው የማዞረው። ወደ እኔ ምን አዞራችሁት?

የመጽሐፉ ባለቤት፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ከምትከራከሩባቸው አንዷ ነኝ። መጽሐፌ ገና ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። በስልክ ፎቶ የተነሳ ነው፤ በየገጹ ጥግ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል፣ ጥፍሩ ላይ ቀይ ቀለም አለ። በሐምሌ 2024 ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ ወረቀት የሚቀመስ አልሆነም፤ ያሳተምኩት በብድር ነው። ከፒዲኤፉ ሥር ሰው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለተኛውንም ልቀቁልን» ብሏል። ሁለተኛው እኮ ገና አልተጻፈም! በምን ልጻፈው?

ሰላም ከሪያድ፦ እህቴ፣ ያንቺን መጽሐፍ ምናልባት እኔም አንብቤው ይሆናል። ልከፍልሽ ብፈልግ እንዴት? እዚህ መደብር የለም። አገር ቤት ወንድሜ ገዝቶ በሰው ቢልክልኝ አሠሪዬ ዕቃዬን ትፈትሻለች። የሚገባልኝ ስልክ ብቻ ነው። ለምን አንቺ ራስሽ ፒዲኤፉን አትሸጪልንም?

የመጽሐፉ ባለቤት፦ ብሸጥልሽ በማግስቱ በነጻ ይለቀቃል ብዬ ነው።

ማስተር ካሴት፦ አሁን በምን ቀረ ልጄ? ተለቋል እኮ። ሙዚቀኞቹ እንኳ ሞክረዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ ነፍሱን ይማረውና ከጓደኞቹ ጋር አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ አምጥቶ ዘፈን በስልክ መሸጥ ጀመሩ። ኮፒውን አላጠፉትም። መክፈል ለሚፈልግ ሰው ግን በር ከፈቱለት።

ጎጃም በረንዳ፦ ጋሼ፣ በር መክፈት ጥሩ ነው፣ ሌባው ግን ይታሰር። ደራሲዋ እየተናገረች አሁንም ለሌባው የምታዝኑ አላችሁ። እኔ የተናገርኩት ለእሷ ብዬ ነው።

የመጽሐፉ ባለቤት፦ ለእኔ ብለህ ከሆነ አንባቢዬን የማፊያ ተላላኪ አትበልብኝ። ሪያድ ያለችው እህቴና ቀይ ጥፍሯ አንድ አይደሉም። ቀይ ጥፍሯና ቻናሉን የሸጠው ሰውም ምናልባት አንድ አይደሉም። እኔ የምከሰው የሸጠውን ነው። ሰላም፣ የቻናሉ ምልክት አለሽ?

ሰላም ከሪያድ፦ ስክሪንሾት አለኝ፣ የድሮ ስሙም የአዲሱም። የላከችበት የባንክ ሂሳብ ቁጥርም አለ። ማታ ሥራ ስጨርስ በውስጥ እልክልሻለሁ።

ጎጃም በረንዳ፦ ለእኔም ላኪልኝ። ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ከተፈለገ እኔ እሄዳለሁ።

የደሴ ልጅ፦ ሰላም፣ ለእሱ እንዳትልኪ። መጀመሪያ ቃሉን ያንሳ።

ጎጃም በረንዳ፦ ሰው ተዘርፎ አንተ አሁንም ቃል ትቆጥራለህ?

የደሴ ልጅ፦ እቆጥራለሁ። እኔንም እሷንም ነው የሰደብከው።