ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ዕቃ ጭናችሁ የገባችሁ፣ እስኪ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ሥራ ተዛውሮ አዲስ አበባ ገብቷል። እኔና ሁለቱ ልጆቼ ትምህርት ሳይጀመር ልንከተለው ነው።

በእጃችን ያለው 90,000 ብር ነው። አንድ አይሱዙ 45,000 ጠየቀን፣ ጫኝና አውራጅ ሳይጨምር። ጎረቤቴ ደግሞ «ባዶውን የሚመለስ መኪና ጠብቂ፣ በግማሽ ይወስድልሻል» ትለኛለች። መቼ ይገኛል? ልጆች ይዤ የተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ስንት ቀን ልቀመጥ?

የቤቱ ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ሕጉ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይፈቅድም። አከራያችን ግን የሦስት ወር ካልሆነ ቁልፍ የለም ብሏል። ደላላውም እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

ከሁሉም እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአዋሽ ጉምሩክ ኬላ ነው። ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን እዚሁ ታይዋን ገበያ ከገዛናቸው ሰባት ዓመት አልፏል፤ ደረሰኙ ከየት ይምጣ? የፍሪጁ በር በልጄ ስቲከር ተለጥፎ አልቋል፣ እጀታው በፕላስተር ነው የታሰረው። አዲስ ነው የሚል ያለ አይመስለኝም። ግን ወረቀት አምጪ ብባልስ? ቀበሌ መሸኛው ላይ የቤት ዕቃውን ዝርዝር ይጽፋል? ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ትልቁን ቡፌስ ልጫነው ወይስ እዚሁ ልሽጠው?