የምጣዴ ገመድ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፤ ባወፍረውም አልዳነም

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ነኝ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ምጣዴ አይጠፋም። ከምጣዱ ሥር የሚገባው የገመዱ ጫፍ፣ አንድ ስንዝር የሚሆነው፣ በሦስት በአራት ወሩ ይጠቁራል። ጎንበስ ሳደርገው ላስቲኩ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈርና መዳቡ ይታያል። ባለፈው ሳምንት ሊጡን እያዞርኩ ብልጭ ብሎ አስደነገጠኝ። መጀመሪያ ባለ 2.5 ነበር (የመዳቡ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር)። ሻጩ «ቀጥኖብሽ ነው» ብሎ ባለ 4 ሸጠልኝ፤ ያው ሆነ። አሁን ደግሞ ባለ 6 ግዢ እያለኝ ነው። ምጣዱ 3,800 ዋት ነው። ልግዛ?

ምላሽ፣ አሮጌ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ባለ 6ቱን ተይው። በብሬከሩ በኩል ያለው ጫፍ አሁንም ለስላሳ ነው አይደል? እንግዲህ ገመዱ በጭነት አልተቃጠለም፤ የበሰለው በምጣዱ ሙቀት ነው።

ገመድ የሚሞቀው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ኤሌክትሪኩ ሲያልፍበት ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ነው፤ ለዚህ ማወፈር ይረዳል። ሌላው አጠገቡ ካለ ትኩስ ነገር የሚመጣው ነው፤ ለዚህ ውፍረት ምንም አይፈይድም፣ የሚወስነው የሽፋኑ ዓይነት ነው። ያንቺ ሽፋን ፒቪሲ የሚባለው የተለመደው ፕላስቲክ ነው፤ ተራው የሚችለው 70 ዲግሪ ድረስ ነው። ምጣዱ ሲጋገርበት ላዩ 200 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሥሩም አይበርድም። ፒቪሲውን የሚያለሰልሰው ነገር በሙቀት ቀስ በቀስ ይተንናል፤ ቂጣ የመሰለሽ ለዚህ ነው።

ባለ 4ቱን አትጣይው። ከብሬከሩ ተነስቶ ከምጣዱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ይቁም። እዚያ በነጭ ሸክላ ማገናኛ፣ በፕላስቲኩ አይደለም፣ ከሲሊኮን ገመድ ጋር ይያያዝ። የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ብቻ ሲሊኮን ይሂድባት፤ 180 ዲግሪ ይችላል። በመስታወት ክር የተጠለፈውን ምረጪ፤ ባዶው ሲሊኮን ለስላሳ ስለሆነ ስለት ቶሎ ይቆርጠዋል። የምጣዱ ብረት እግር ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዙንም አስመርምሪ፤ እርጥብ እጅ ነው የሚነካው።

ምላሽ፣ ሌላ ሰው፦
ሻጩን በአንድ ነገር ልከላከልለት፤ 2.5ቱ ድሬ ላይ በእርግጥም ጠባብ ነበር። 3,800 ለ220 ሲካፈል 17.3 አምፔር ይመጣል። በግድግዳ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ ባለ 2.5 ፒቪሲ 24 አምፔር ይችላል የሚባለው አየሩ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ማድቤት 50 ዲግሪ ቢደርስ የሚችለው አምፔር ስለሚቀንስ በ0.71 ይባዛል፤ 17 ብቻ ይቀራል። ባለ 4ቱ 32 ስለሆነ በዚያው ሙቀት 22.7 ይቀርለታል፤ 20 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ማወፈሩ ለቱቦው ልክ ነበር፤ ለምጣዱ ጫፍ ግን መድኃኒት አይደለም። የ16 አምፔር ሶኬት ላይ ከሰካሽው ደግሞ እሱም ሊቀልጥ ይችላል፤ በቀጥታ ይያያዝ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲሊኮን የሚሉትን አገኘሁ፤ ቀይ ነው፣ ግን እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? ያለውም ባለ 1.5 ብቻ ነው።

ምላሽ፣ አሮጌ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ቀለሙን አትመኚ። ከሻጩ የጣት ያህል ቁራጭ ለምኚና ውጭ ወጥተሽ ሽፋኑን በክብሪት ለኩሺው። ሲሊኮን ከሆነ ነጭ አመድ ይተዋል። ፒቪሲ ጥቁር ከሰል ሆኖ ይቀራል፣ ጭሱም አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ አታሽትቺው። ውስጡ ያለው መዳብ ነጣ ብሎ በቆርቆሮ (ቲን በሚባለው ብረት) የተለበጠ ቢሆን ይሻላል፤ ባዶ መዳብ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይጠቁራል። በላዩ ላይ ኤች05ኤስጄ-ኬ (H05SJ-K) የሚል ጽሑፍ ካለ የመስታወት ክር ያለው ሲሊኮን ማለት ነው፤ ኤች07ቪ-ኬ (H07V-K) ካለ ያው የቀድሞው ባለ 70 ዲግሪ ፒቪሲ ነው።

1.5ቱ አይሸከምም አልልሽም፤ ሽፋኑ ይችላል። ነገር ግን ራሱ በጣም ይሞቅና ሙቀቱን በመዳቡ ይዞ ወደ ማገናኛው፣ ከዚያም ወደ ፒቪሲው ይሄዳል። ባለ 2.5 እስኪመጣ ታገሺ። እስከዚያው የደረቀችውን ስንዝር ብሬከሩን አጥፍቶ የሚቆርጥልሽ ሰው ጥሪ፤ ዛሬውኑ፣ ከነገ ጋገራ በፊት።