ዲኤንኤ ስለተመሳሰለ ብቻ ዝምድና አለ ማለት ይቻላል? ተማሪዬ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ

ጠያቂ፦ የባዮሎጂ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ዝግመተ ለውጥ እያስረዳሁ፣ የሰውና የቺምፓንዚ ዲኤንኤ ፊደል በፊደል ሲነጻጸር ልዩነቱ 1.2 በመቶ አካባቢ ነው አልኩ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙም የማያወራ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሁለት ወንበርም እኮ ይመሳሰላል። ሁለቱም ለመቀመጫ ስለተሠሩ ነው እንጂ ዘመዳሞች ስለሆኑ አይደለም። ዲኤንኤውም ሥራው አንድ ስለሆነ ቢመሳሰልስ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ልጁን በደፈናው መመለስ ስላልፈለግኩ «ሰኞ እመለስበታለሁ» አልኩት። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። በሥራ መመሳሰል ሊመካኝ የማይችል፣ ዝምድናን ብቻ የሚያሳይ ነገር ዲኤንኤ ውስጥ አለ?

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ

መምህር፣ መጀመሪያ ለዚያ ልጅ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የእሱ ክርክር የሚያስኬደው ለሚሠራ ነገር ነው። እንግዲያው የማይሠራውን እናሳየው።

የእኔ ሥራ የተለያዩ እንስሳትን ዲኤንኤ ስክሪን ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ደርድሮ ማነጻጸር ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው አራት ፊደል ነው፦ ኤ፣ ቲ፣ ሲ፣ ጂ። ሥራውን እንደጀመርኩ ያስደነገጠኝ አንድ ጂን አለ። ስሙ ጉሎ ነው (ተክሉን ማለቴ አይደለም፣ የጂኑ ስም ሆኖ ነው)። ቫይታሚን ሲ ሲሠራ የመጨረሻውን እርከን የሚጨርሰው ይሄ ጂን ነው። አይጥ አለው፣ ውሻ አለው፣ ላም አላት። ለዚህ ነው ቫይታሚን ሲ ከምግባቸው ባያገኙም የማይታመሙት።

እኛስ? እኛም አለን። 8ኛው ክሮሞዞማችን ላይ ተቀምጧል። ግን ተሰብሯል። የአይጧን ከላይ፣ የሰውን ከሥር አደረግኩ። ፊደሎቹ እየገጠሙ ይሄዱ ይሄዱና የሰውየው መስመር ድንገት ባዶ ይሆናል። አንድ ሙሉ ክፍል የለም። እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቆረጣል። በተረፈውም ውስጥ ትርጉሙን የሚያበላሹ ፊደሎች ገብተዋል። ከሥሩ የቺምፓንዚን ጨመርኩ። እሱም የሚቆረጠው እዚያው ጋ ነው። ያን ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ትንሽ መራመድ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ልጁ ወንበር እንመለስ። ሁለት ወንበር ለመቀመጫ ስለተሠራ ይመሳሰል። እሺ። ግን የሁለቱም አንድ እግር ከተሰበረ፣ ስንጥቁም በአንድ ቦታና በአንድ አቅጣጫ ከሆነስ? ስብራት ሥራ የለውም። ስብራቱን የሚያጋራቸው አንድ ጊዜ የተሰበረ ነገር ተቀድቶ ተቀድቶ ሁለቱም ጋ መድረሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌመር የሚባሉት ጦጣ መሰል የሩቅ ዘመዶቻችን ጂኑ ይሠራላቸዋል። ጦጣዎች፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚና እኛ ጋ ግን ተበላሽቷል። ስለዚህ የተሰበረው የሌመሮቹ ሐረግ ከእኛ ከተለየ በኋላ ነው።

መልስ፦ የቀለም ቀንድ

ፊደል ቆጣሪ ካለው ላይ በአጭሩ። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 24 ጥንድ ክሮሞዞም አላቸው፤ ሰው 23። የክሮሞዞም ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂ እየተደጋገመ ይጻፋል። የጫማ ማሰሪያ ጫፍ እንዳይተረተር እንደሚታሸገው ማለት ነው። በ1991 ተመራማሪዎች የእኛን 2ኛ ክሮሞዞም ሲያዩ ይሄንኑ የጫፍ ጽሑፍ መሃሉ ላይ አገኙት። ከዚያ ጽሑፉ ድንገት ይገለበጥና ሲ-ሲ-ሲ-ቲ-ኤ-ኤ ይሆናል። ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የተያያዙበት ቦታ ነው።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያ ልጅ አይለቀኝም፣ አውቀዋለሁ። ጊኒ ፒግም ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም። «እሱስ ዘመዳችን ነው?» ሲለኝ ይታየኛል። ደግሞ ይሄ ሁሉ ዝምድናን ያሳያል፤ የተፈጥሮ ምርጫ የቱ ጋ ነው ያለው?

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ

የጊኒ ፒግን ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ጂኑ የተበላሸው ለብቻው ነው፤ የስብራቱ ዝርዝር ከእኛ ይለያል። ሌሎቹ ጂኖቹ ደግሞ ከአይጥ ወገን ያስቀምጡታል፣ የአይጥ ጉሎ ግን ይሠራል። ሁለት ወንበር ሁለቱም ሲሰበር ስንጥቁ ካልተመሳሰለ ሁለት የተለያየ አደጋ ነው ማለት ነው።

የተፈጥሮ ምርጫን እንደ ዘበኛ ያስቡት። ቫይታሚኑ ከምግቡ በሽ ከሆነ ጂኑ ቢሰበርም የሚጎዳ የለም። ዘበኛው ለዚያ ጂን አይቆምም፣ ጂኑም ቀስ እያለ ይፈርሳል። ዕዳው የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ለወራት ፍራፍሬ ሳያዩ ባሕር ላይ የቆዩ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ ሲሞቱ።

ዘበኛው በሥራ ላይ ሲሆንስ? ይሄን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው። ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ በሚሠራው ጂን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ጂ-ኤ-ጂ የሚል አለ። ግሉታሚክ አሲድ የሚባለውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ) አስገባ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ጂ ወደ ኤ ብትለወጥ ጂ-ኤ-ኤ ይሆናል፤ ትርጉሙ ያው ነው፣ ማንም አይጎዳም። የመሃሏ ኤ ወደ ቲ ብትለወጥ ግን ጂ-ቲ-ጂ፣ በቦታው ቫሊን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይገባል። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ሰው ቀይ የደም ሕዋሱ እንደ ማጭድ እየታጠፈ ይታመማል። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰው ደግሞ ከከባድ ወባ ይጠበቃል። ወባ በበዛበት አካባቢ ይህች ፊደል ሳትጠፋ የቆየችው ለዚህ ነው። አንድ ፊደል ናት። እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እንግዲህ ትርጉም የማይነኩትንና የሚነኩትን ለውጦች ለየብቻ እንቆጥራለን። ሂስቶን ኤች 4 የሚባለውን ፕሮቲን ይውሰዱ፤ ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ነው። የአተርና የላም ሲነጻጸር ከ102 አሚኖ አሲዶች የሚለያዩት 2 ብቻ ናቸው። አተርና ላም! ትርጉም የማይነኩት ፊደሎች ግን በብዛት ተለዋውጠዋል። ስለዚህ ጂኑ ሚውቴሽን (የፊደል ለውጥ) ሳይነካው ቀርቶ አይደለም። እየተነካ ኖሯል፤ ትርጉም የቀየረውን ዘበኛው አላሳለፈውም።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

አሁን ገባኝ። ሰኞ የጉሎን ፊደሎች በወረቀት ቆርጬ፣ የእንስሳቱን ስም ሳልጽፍ ላከፋፍላቸው ነው። ራሳቸው ይደርድሩት።

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ

በጣም ጥሩ። ረጅሙን አይስጧቸው፣ አንድ ስብራት ያለበት አጭር ቁራጭ ይበቃል። የአይጧን ከላይ አድርገው ያስጀምሯቸው። የሌመሩን ወረቀት ግን ለዚያ ልጅ ይስጡት። ከተሰበሩት ጋር ይሁን ካልተሰበሩት፣ ይዞት ይቁምና እሱ ይንገራችሁ።