ለቦሎቄ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮጀክት የሥጋት መዝገብና የሕግ ተገዢነት ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)

ጤና ይስጥልን። ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የምርምር ተቋም ውስጥ በቦሎቄ ዝርያ ማሻሻል ላይ የምንሠራ ቡድን ነን። አንድ የውጭ ለጋሽ ድርጅት የሦስት ዓመት የገንዘብ ድጋፍ የፈቀደልን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት የሥጋት መዝገብና የሕግ ተገዢነት ዕቅድ እንድናቀርብ ጠይቆናል። በዕቅዳችን መሠረት በሽታ የሚቋቋሙ መስመሮችን (ለዝርያ ማሻሻያ የሚያገለግሉ የቦሎቄ ዘሮችን) ኮሎምቢያ ከሚገኘው የሲያት (የዓለም አቀፉ የትሮፒካል ግብርና ማዕከል) ጂን ባንክ፣ ማለትም የዘር ማከማቻ፣ እናስገባለን፤ ከሲዳማ አርሶ አደሮች የአካባቢ ዝርያዎችን እንሰበስባለን፤ ለዲኤንኤ ምርመራ ደግሞ የደረቀ የቅጠል ናሙና ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ እንልካለን። እስካሁን ያየናቸው መዝገቦች «የድርቅ ሥጋት፦ መካከለኛ» ከማለት አልፈው የሚሉት የላቸውም። ለሥራው ራሱ የሚጠቅም ሰነድ እንዲሆን ምን እናስገባበት? የትኛውንስ ፈቃድ እናስቀድም?

መልስ 1 (የዝርያ ማሻሻል ተመራማሪ)

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ መዝገቡን ከመዝሪያው ቀን ተነሥታችሁ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ጻፉት። በእኛ ሙያ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው የዘገየ ወረቀት ነው፤ ፈቃዱ በሁለት ሳምንት ቢዘገይና ዝናቡ ቢያልፍ የሚባክነው አንድ ሙሉ ወቅት ነውና። የመኸር ቦሎቄ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የሚዘራ ከሆነ፣ ይህ ጊዜ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ከሚዘጋበት ጋር ይገጥማል። ሒሳብ ሲዘጋ ግዢ ይቆማል፤ የቀን ሠራተኛ ክፍያም ይንጠለጠላል። ስለዚህ ማዳበሪያውም፣ የዘር ከረጢቱም፣ መለያ ካርዱም እስከ ግንቦት መጋዘን መግባት አለበት።

በእያንዳንዱ ሥጋት ፊት ኃላፊነቱን የሚወስደውን ሰውና የውሳኔውን ቀን ጻፉ። ለምሳሌ «የማስገቢያ ፈቃዱ እስከ ሚያዝያ 15 ካልተገኘ ሙከራው በእጃችን ባሉት መስመሮች ይጀመራል» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ በቀይና በቢጫ ከተቀባ ሠንጠረዥ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከውጭ የሚመጣ መስመር በጥቂት ፍሬ ስለሚደርስም ሁሉንም በአንድ ማሳ አትዝሩት፤ ከፊሉ በመጠባበቂያነት በቀዝቃዛ ማከማቻ ይቆይ።

መልስ 2 (የዕፅዋት ኳራንቲን ባለሙያ)

የማስገቢያ ፈቃዱን አስቀድሙ፤ ዘሩ ከመላኩ በፊት በእጃችሁ መግባት አለበት። ከዚያ የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከዘሩ ጋር ይመጣል። በቦሎቄ ላይ ጥንቃቄው የሚበዛው ሞዛይክ ቫይረስ፣ አንትራክኖስና ባክቴሪያል ብላይት የሚባሉት በሽታዎች በዘር የሚተላለፉ በመሆናቸው ነው። አንድ እንግዳ በሻንጣው ይዞት የመጣ ዘር፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ማሳችሁንም ውላችሁንም ያበላሻል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የሲያት ዘር የሚመጣው በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ስምምነት መደበኛ የማስተላለፊያ ውል ነው። ውሉ ዘሩን በተቀበላችሁበት መልኩ በአእምሯዊ ንብረት መብት አጥራችሁ ሌላው እንዳያገኘው ማድረግን ይከለክላል፤ ለሌላ ወገን ስታስተላልፉትም በዚያው ውል እንድታስተላልፉ ያስገድዳል። የለጋሻችሁ ስምምነት «በፕሮጀክቱ የተያዘ ዘር ሁሉ የለጋሹ ንብረት ይሆናል» የሚል አንቀጽ ካለው ሁለቱ ስለሚጋጩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ አስተካክሉት።

ጠያቂው

ከልብ እናመሰግናለን። አንድ ባልደረባችን ግን የደረቀ ቅጠልና ዲኤንኤ ዘር ስላልሆኑ ለመላክ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም ይላል። ትክክል ነው?

መልስ 3 (የሕግ ባለሙያ)

ትክክል አይደለም። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን የሚተረጉመው ተዋጽኦውን ጨምሮ ነው። ቅጠሉም ሆነ ከእሱ የወጣው ዲኤንኤ ያለ ኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ከአገር መውጣት የለበትም። አዋጁ ለመንግሥት የምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአገር ውስጥ ለሚያካሂዱት ምርምር ቀለል ያለ የፈቃድ አሰጣጥ ይፈቅዳል፤ ይህ ግን ወደ ውጭ ለመላክ አያገለግልም። ከቤተ ሙከራው ጋር በምትፈርሙት ውል ናሙናው ከታዘዘው ምርመራ ውጭ እንዳይውል፣ ትርፉ እንዲወገድ ወይም እንዲመለስ፣ መረጃውም የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ጥንቃቄው የበዛ ከመሰላችሁ የጤፍን ነገር አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጤፍ በስምምነት ተሰጥቶ ነበር፤ በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ የተወሰደውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ቦሎቄ በዓለም አቀፉ ስምምነት አባሪ ውስጥ ከተዘረዘሩት ሰብሎች አንዱ ነው፤ እንሰት፣ ጤፍና ቡና ግን የሉበትም። ፕሮጀክቱን ወደ እንሰት ለማስፋት ካሰባችሁ (በሲዳማ ማን አያስብም!) የቦሎቄውን ሰነድ ገልብጣችሁ አትጠቀሙ።

መልስ 4 (የፕሮጀክት ሒሳብ ኃላፊ)

የገንዘቡን ሥጋት አትዘንጉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በጀታቸውን በብር የተዋዋሉ ቡድኖች ከውጭ የሚገዙት ኬሚካል ዋጋ በእጥፍ ሲጨምርባቸው፣ በዶላር የተዋዋሉት ደግሞ የተረፈውን ብር ያለ ለጋሹ ፈቃድ ወደ ሌላ የበጀት ርዕስ ማዛወር አልቻሉም። በሁለቱም ወገን ስምምነቱ ስለ ምንዛሪ ልዩነት ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ለጋሾች ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደ ተቀባይነት ያለው ወጪ ስለማይቆጥሩ፣ የሚከፈልበትን ምንጭም ከአሁኑ ለዩ።

መልስ 5 (የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ)

ስለ አርሶ አደሮቹ እኔ ልጨምር። የአካባቢ ዝርያ ስትሰበስቡ የዘሩን ስምና የአጠቃቀም ዕውቀቱን የምትመዘግቡ ከሆነ፣ የማኅበረሰቡን ፈቃድ አስቀድማችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ጠይቁ፤ በሲዳማ ገጠር ይህ ማለት በሲዳምኛ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ስልክና የማሳው መገኛ ደግሞ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚሸፈን ስለሆነ፣ ለለጋሹ ከሚላከው የመስክ መረጃ ተለይቶ በኮድ ይያዝ፤ የኮዱ መፍቻ በተቋማችሁ ብቻ ይቀመጥ።