«የጓሮ ቅጠል ማንንም ጎድቶ አያውቅም» ስለተባለው

የአዘዞዋ እህት፦ እሑድ ዕለት ቡና ላይ ስለ ብጉር ሲወራ፣ አንዲት ጎረቤታችን «የጓሮ ቅጠል ማንንም ጎድቶ አያውቅም» ሲሉ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። የ16 ዓመት ታናሽ እህቴ ጤና አዳም ወቅጣ፣ በሎሚ ለውሳ ፊቷን ከተቀባች በኋላ ሳትታጠብ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆየች። በማግሥቱ ጉንጯ ቀላ፤ በሦስተኛው ቀን የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ሁሉ ውኃ ቋጠረ፤ በጣቷ የቀባችበት መስመር ሳይቀር ተለይቶ ይታይ ነበር። ዛሬ ብጉሩ እንዳለ ነው፤ ጥቁር ምልክት ተጨምሮበታል። ይህ ቅጠል ከጓሯችን አልተቀጠፈምን?

የማራኪው፦ እህቴ፣ በታናሽሽ ላይ ስለደረሰው ከልብ አዝናለሁ። ሆኖም በአንዲት ልጅ ጉዳት የእናቶቻችን እውቀት በሙሉ ሊወቀስ አይገባም። እናቴ እሬቱን ልጣ፣ ቢጫውን ፈሳሽ አስወግዳ፣ ውስጡን ዝልግልጉን ብቻ ትቀባኝ ነበር፤ አንድም ቀን አላቃጠለኝም። ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ1990 በአውስትራሊያ በ124 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቲ ትሪ ከተባለ የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት 5 በመቶ ያለው ጄል፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከተባለው የብጉር መድኃኒት 5 በመቶ ጋር ተነጻጽሮ ሁለቱም ብጉሩን ቀንሰው የለምን? የዘይቱ የጎንዮሽ ጉዳትም ያነሰ ነበር።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ጥናቱን ከጠቀሱ ዘይቱ ዘግይቶ መሥራቱንም ይጥቀሱ። ከሁሉ በላይ መጠኑ የተለካ ነበር፤ በሙቀጫ የተወቀጠ ጤና አዳም ስንት በመቶ እንደሆነ ማን ይነግረናል? ጤና አዳምም ሎሚም ፉራኖኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይህም ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። የምንኖርባት ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይዋ ትጠነክራለች። ብጉር የሚመጣው በጉርምስና ሆርሞን የፊት ወዝን ሲያበዛ፣ ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ሲደፍነው፣ በውስጡም ባክቴሪያ ሲራባ ነው፤ ያኔ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ቆዳውን በማቃጠል የተደፈነው ቀዳዳ አይከፈትም።

የፒያሳው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአጎቴ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክሎቤታሶል የተባለ ብርቱ የቆዳ ቅባት ገዝታ ለወራት ተቀባች፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷ ጠራ፣ ስታቆመው ግን ብጉሩ ብሶ ተመለሰ፣ ቆዳዋም ሳስቶ የደም ሥሯ መታየት ጀመረ። ስለ ቅጠል ይህን ያህል ስንከራከር ስለ ቱቦው ቅባት ለምን ዝም እንላለን?

የአዘዞዋ እህት፦ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን የቅባቱ ጥፋት ቅጠሉን ነጻ አያወጣውም። እኔ የያዝኩት «ማንንም» የምትለዋን ቃል ነው።

የማራኪው፦ ጎረቤትሽ «በአግባቡ ከተጠቀሙበት» ማለታቸው እንደሆነ አስቢላቸው። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ገንዘብም ጊዜም ለሌለው ሰው እሬትን መከልከል ፍትሕ አይደለም።

ነርሷ፦ እሬትን የከለከለ የለም። ይሁን እንጂ «አግባብ» ያሉትን ለዚያች ልጅ ማን ነገራት? 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ማታ ማታ ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል፤ ለውጡን ለማየት ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ቤተሰብ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ወደ ሙቀጫው ሲመለስ ነው ጠባሳ የምናየው።

የማራኪው፦ አሁንም ሙቀጫውን ወቀሱ። ተጠያቂው አጠቃቀሙ ነው እያልኩ ነው።

የአዘዞዋ እህት፦ ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ለእህቴ የተፈጨ ፌጦ በሎሚ ለውሰው በብርጭቆ ላኩላት። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ብርጭቆውን አጥቤ መለስኩት።

የማራኪው፦ ፌጦ በሎሚ ፊት ላይ እኔም አልደግፍም። እሬቱን ግን ከዚያ ጋር አትደምሪው።