ሲሼልስ፦ ቫሌ ደ ሜን ከማሄ ተነስቶ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል?

የቆጪው ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። ነሐሴ ላይ ከእናቴ ጋር ሲሼልስ ለአምስት ቀን እንሄዳለን፤ ማረፊያችን ማሄ ደሴት ነው። ፕራስሊን ደሴት ያለውን፣ ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ የሚበቅልበትን የቫሌ ደ ሜ ሸለቆ በደርሶ መልስ ማየት ይቻላል? እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ከጅማ ሳንወጣ መጨረስ ያለብንስ ምንድን ነው?

ቢጫ ካርድ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ከኤምባሲ የሚወጣ ቪዛ የለም፤ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግዴታ ነው። የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስሙም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን።
የቢጫ ወባ ካርድም ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ያስፈልጋል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። ድሮ የተከተበ መድገም የለበትም፣ ካርዱ ዕድሜ ልክ ይሠራል። እናትህ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑና ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ፤ በዚያ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመከሰት ዕድሉ ከፍ ይላል።
ብር እዚያ አይመነዘርም።

አጂፕ ሰፈር፦
በአንድ ቀን ይቻላል፤ ምክሬ ግን አንድ ሌሊት ፕራስሊን እደሩ ነው። ፈጣኑ ጀልባ ከማሄው ቪክቶሪያ ወደብ ተነስቶ የፕራስሊን ወደብ ቤ ሴንት አን ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አስጎብኚዎች ቡድናቸውን የሚያመጡትም በዚያው በጠዋቱ ጀልባ ስለሆነ ከረፋድ እስከ ምሳ ሸለቆው ይጨናነቃል። የሸለቆው ብርቅ ወፍ ጥቁሩ በቀቀን ደግሞ ደህና የሚንቀሳቀሰው በማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ደርሶ መላሽ ሁለቱንም ያጣል።
ጅማ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቁ ወቅት ነው፤ ነገር ግን የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ያናውጣል። የማቅለሽለሽ ኪኒን የሚወሰደው ከመነሳት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እንጂ ሆድ ከተገለበጠ በኋላ አይደለም። ከኋላ፣ ከታችኛው ወለል ተቀመጡ። ባሕሩን ከፈራችሁ ከማሄ ትንሽ አውሮፕላን አለ፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።
ሰዓቱን ልብ በሉ፤ ቲኬቱ 10:30 ካለ በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 4:30 ነው፣ የእነሱ ሰዓት ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልካችሁ ካልተስተካከለ ጀልባው ጥሏችሁ ይሄዳል።
ከቤ ሴንት አን ወደብ በደሴቱ ማዶ ወዳለው ግራንድ አንስ የሚሻገረው አውቶቡስ በሸለቆው በር ያልፋል። ትልቅ ሻንጣ ግን አይጭንም።

የጥላ ቡና፦
የእናትህን ጉልበት በተመለከተ፦ ቦታው 19.5 ሄክታር ብቻ ነው፣ ዳገቱም አይጋነንም። አስቸጋሪው ወጣ ገባ የድንጋይ ደረጃው ነው፤ ዝናብ ካካፋ ያንሸራትታል። ምርኩዝና ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ከበሩ ካርታ ውሰዱና አጭሩን ዙር ምረጡ፣ በዝግታ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሙሉው እስከ ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ጥላው እንደ ጅማው በለጠ ጫካ ነው፣ ወበቁ ግን የባሕር ዳርቻ ስለሆነ ውኃ አይርሳችሁ። ወባ የለም፤ ትንኝ ግን አለ።
የሚታየው ኮኮ ደ ሜር ነው፣ በዓለም ትልቁን ዘር የሚሰጥ ዘንባባ። ፍሬው ለመብሰል ከ6 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል፤ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ቅጠሉን ቀና ብላችሁ አስተውሉ፦ እንደ አሸንዳ የተጎነጎነ ስለሆነ ዝናቡንና ከላይ የረገፈውን ብናኝ ሁሉ ወደ ራሱ ግንድ ያወርዳል። በዚያ ደሃ አፈር ላይ ያን የሚያህል ፍሬ የሚያፈራው አንድም በዚህ ነው። አስጎብኚ ካልያዙ ይህ ሁሉ ተራ ዘንባባ መስሎ ያልፋል። (ከአፄ ዮሐንስ ጋር ሊደራደር መጥቶ የነበረው የእንግሊዝ መኮንን ጎርደን በ1881 እ.ኤ.አ. አይቶት ኤደን ገነት እዚህ ነበረች ብሎ ደምድሟል።)
ፍሬውን መግዛት ከፈለጋችሁ ቁጥር የተለጠፈበትንና የፈቃድ ወረቀት ያለውን ብቻ ግዙ፤ ወረቀት ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይወረሳል።

አጂፕ ሰፈር፦
የቫሌ ደ ሜ መግቢያ ዋጋ ከከበዳችሁ በዚያው ደሴት ፎን ፈርዲናን የሚባል ሌላ ጥብቅ ደን አለ፦ ያው ዘንባባ፣ ሰው የማይበዛበት፣ አስጎብኚው ከመግቢያው ጋር የሚታሰብ። ከላይ ባሕሩንና ጎረቤት ደሴቶችን ያሳያል። ግን እስከ እይታው ድረስ ወደ 300 ደረጃ መውጣት አለ፤ ለእናትህ ቫሌ ደ ሜ ይሻላቸዋል።