ጥያቄ፦ የስፒትፋየሬ ቀለም ከቴፑ ጋር ተላጠ፤ ከዜሮ ልጀምር ወይስ ይድናል?

አዲሷ ገጣጣሚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ሁለተኛ ሞዴሌ ነው። የመጀመሪያውን እጄን ለማፍታታት ነበር የሠራሁት፤ ይሄኛውን ግን ከልቤ ነው የያዝኩት። የእንግሊዙ ተዋጊ አውሮፕላን የስፒትፋየር ማርክ 9 የፕላስቲክ ሞዴል ነው፣ 1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ)። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ስሠራው ቆይቼ አሁን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተበላሸብኝ።

ቀኝ ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክፍተት አለ። የወረቀት ጠርዝ ያስገባል። ስቱኮ ሞላሁት፤ ሲደርቅ መልሶ ሰመጠ። የአብራሪውን መስታወት ደግሞ በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። ጠዋት ስነሳ ከውስጥ ነጭ ጭጋግ ለብሷል።

ከሁሉም ያናደደኝ ቀለሙ ነው። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው፣ በብሩሽ። ግራጫውን ቀባሁ፣ በማግስቱ ቴፕ ለጥፌ አረንጓዴውን ቀባሁ። ቴፑን ሳነሳ ግራጫው እስከ ፕላስቲኩ ድረስ አብሮ ተላጠ። ግራ ክንፉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ባዶ ቀርቷል። ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባውን መሠረት) አልቀባሁም። ክፍሎቹንም አላጠብኩም፤ መታጠብ እንዳለባቸው አላወቅሁም ነበር።

አንድ ዲካልም (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈውን ምልክት) ለሙከራ ከክንፉ ሥር ለጥፌ ነበር። ሲደርቅ ዙሪያው እንደ ብር ያብለጨልጫል።

ሁሉንም ቀለም አንስቼ እንደገና ልጀምር ወይስ የተበላሸውን ብቻ ላስተካክል? ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጭ መሣሪያ) የለኝም።

ባለወረንጦ፦

አይዞሽ እህቴ። ከጠቀስሻቸው ውስጥ የማይድን አንድም የለም።

መጀመሪያ ስለ ልጠቱ። ፕላስቲኩ ከብረት ቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ በፋብሪካ የሚረጭ ቅባት አለ። አንዳንዴ ክፍሎቹ ላይ ይቀራል። በላዩ ላይ የእጃችን ወዝ ይጨመራል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ደግሞ ፕላስቲኩን ነክሶ አይዝም፤ እንደ ቆዳ ከላይ ይለብሳል። ስለዚህ ቴፕ ሲያገኝ ይነሳል። ፕራይመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቀለሙን ማንሳት አለማንሳትሽን ቴፑ ራሱ ይንገርሽ። አዲስ ቴፕ ቁረጪ፣ ቀኝ ክንፉ ላይ እና ጅራቱ አካባቢ ለጥፊ፣ ቀስ ብለሽ አንሺው። ሌላው ቦታ ከያዘ የተላጠውን ብቻ አስተካክይ። እዚያም ከተነሳ ግን አትድከሚ፤ መሠረቱ አልያዘም ማለት ነው፣ ሁሉንም አንሺው።

ፈጣን እጅ፦

እኔ ብሆን ጊዜ አላጠፋም፣ ሁሉንም አነሳዋለሁ። በአሴቶን ከነከርሽው ቀለሙ በአምስት ደቂቃ ይለቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይሆናል።

ጋሽ ሞረድ፦

ልጄ፣ እባክሽ አሴቶን እንዳትነኪ! ኪቱ (የምትገጣጥሚው ሞዴል) የተሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። ከቀለሙ በፊት ክንፍሽ ነው የሚሄደው። ፈጣን እጅ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ብረት ወይም ሬዚን ላይ የሚሠራ ሰው አሴቶን መልመዱ አይገርምም። ለዚህ ግን አይሆንም።

ማንሳት ካስፈለገሽ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃሻል። አብዛኛውን አክሪሊክ ያለሰልሳል፣ ፖሊስታይሪኑን ግን አይጎዳም። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በአልኮል እያረጠብሽ እሺ። መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ እሳት ከአጠገብሽ አርቀሽ። መስታወቱን ግን አስቀድመሽ አውልቂው፤ የጠራ ፕላስቲክ በአልኮል ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

አሁን ወደ ክንፉ ልምጣ። እኔ በዚህ ጉዳይ ብዙ ዓመት ተፈትኛለሁ። ስቱኮ የሰመጠው በአንድ ጊዜ ወፍራም ስለሞላሽ ነው። ስቱኮ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይተናል፣ መጠኑም ይቀንሳል። በስሱ ሙይ፣ አንድ ሌሊት አሳድሪ፣ እንደገና በስሱ ሙይ።

ክፍተቱ ግን ለምን መጣ? ስፒትፋየር ክንፎቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ከሥር ወደ ጫፍ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያዘነብላሉ። ሙጫው ሲደርቅ ክንፎቹ ከረገቡ ከላይ በኩል ክፍተት ይፈጠራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሙጫው ሳይደርቅ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ፣ በጀርባው በኩል፣ ቴፕ ወጥረሽ እሰሪው። ቴፑ ጫፎቹን ወደ ላይ ሲስባቸው ክፍተቱ ራሱ ይዘጋል፣ ዘንበልታውም ይስተካከላል። ስቱኮ የሚያስፈልግሽ ለፀጉር ያህል ብቻ ነው የሚሆነው።

ላሁኑ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው በውሃ የሚሠራ አክሪሊክ ፑቲ (ክፍተት መሙያ) ነው። ሙይውና ሳይደርቅ ትርፉን እርጥብ በሆነ የጆሮ ጥጥ ጥረጊው። ክፍተቱ ውስጥ ያለው ይቀራል፣ የውጩ ይጠፋል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ስለሌለ በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን መስመሮች አይጠፉም። እኔ የምወደው ይሄን ነው። ሁለተኛው መንገድ፣ ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት ፍሬም ቁራጭ ወስደሽ በሻማ ነበልባል አጠገብ ማሞቅ ነው። ሲለሰልስ ከእሳቱ አውጪና ሁለቱን ጫፍ ሳቢው። እንደ ክር ይቀጥናል። ክሩን ክፍተቱ ውስጥ አስተኝተሽ ፈሳሽ የሞዴል ሙጫ በብሩሽ ንኪው። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ስለተሞላ አይሰምጥም።

ፈጣን እጅ፦

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ይቅርታ። እኔ የምሠራው የሬዚን ምስሎችን ነው። ፖሊስታይሪን ላይ ሞክሬው አላውቅም። እህቴ፣ የኔን ምክር ተይው።

ባለወረንጦ፦

ስለ መስታወቱ። ጭጋጉ ቆሻሻ አይደለም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት በዝግ ቦታ ውስጥ ይታፈንና የጠራው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ለመስታወት ነጭ ኮላ ነው የሚሻለው። አይተንበትም፣ ሲደርቅ ይጠራል፣ ከተበላሸም በውሃ ይለቃል።

አሁን ለማውለቅ ሞዴሉን ለጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ የከተር ስለት ከጠርዙ ሥር አስገብተሽ በቀስታ አንሺ። አትፈንቅዪ፤ ዙሪያውን እየዞርሽ ትንሽ ትንሽ። ሲወልቅ ውስጡን በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠብሽ እሺ። ቀጥሎ በለስላሳ ጨርቅ ላይ የጥርስ ሳሙና አድርገሽ አጽጂ። በመጨረሻ አንጸባራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ ውስጥ አጥልቀሽ አውጪው፣ ጠርዙን ሶፍት ላይ አስነክተሽ ትርፉን አስመጥጪ፣ አቧራ እንዳይነካው ብርጭቆ ደፍተሽበት አሳድሪ። ጥቃቅን ጭረቶቹን ቫርኒሹ ይሞላቸዋል። ከአዲስ የተሻለ ጠርቶ ሲወጣ ደስ ይልሻል።

ስስ ብሩሽ፦

ኤርብራሽ የለኝም ብለሽ አትዘኚ። እኔ ሁሉንም በብሩሽ ነው የምቀባው።

ቀለም ለምን መቅጠን እንዳለበት አንድ ስሌት ልስጥሽ። በ1/72 ልኬት የ0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 7.2 ሚሊሜትር ማለት ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው የቀለም ቅርፊት! የእውነተኛው ስፒትፋየር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው፤ ያንቺው 15.6 ሴንቲሜትር ገደማ። በዚህ ልኬት ወፍራም ቀለም ወዲያው ይታወቃል።

ስለዚህ ቀለሙን እስከ ወተት ድረስ አቅጥኚው። ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ለስላሳ ብሩሽ ያዢ። የመጀመሪያው ዙር ያስጠላል፣ ፕላስቲኩ ያሳያል፣ ዥንጉርጉር ይሆናል። ተይው። እንዳትነካኪው፣ እንዳትመለሺበት። ሲደርቅ ሁለተኛውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ቀቢ፤ የመጀመሪያውን በክንፉ ርዝመት ከሄድሽ ሁለተኛውን በአግድም። በሦስተኛው ይሸፍናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና በመጀመሪያው ለመሸፈን ሲጣደፍ ነው።

ለተላጠው ቦታ ደግሞ፣ ጠርዙ እንደ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ያንን ሳታጠፊ ብትቀቢ ለዘላለም ይታያል። በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠብሽ ጠርዙን አሳሺው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ስትዳብሺው ደረጃው እስኪጠፋ። ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ግራጫው።

ቴፕም ስትጠቀሚ መጀመሪያ እጅሽ ጀርባ ላይ ለጥፈሽ አንሺው፣ ኃይሉ ይቀንሳል። ስታነሺው ወደ ላይ አትሳቢ፤ በራሱ ላይ አጥፈሽ፣ ከተቀባው ገጽ ጋር እያስጠጋሽ ሳቢ። አንድ ሌሊት ለአክሪሊክ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ።

ታሪክ ወዳድ፦

የቀለሙን ምርጫ ማንም ስላልነካው ልጨምር። አረንጓዴና ግራጫ ማድረግሽ ልክ ነው። በ1940 የነበሩት ስፒትፋየሮች ከላይ አረንጓዴና ቡናማ ነበሩ። ከነሐሴ 1941 ጀምሮ በእንግሊዝ አየር ኃይል ተዋጊዎች ላይ ቡናማው በውቅያኖስ ግራጫ ተተካ፣ ሥሩም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆነ። ማርክ 9 ሥራ የጀመረው በ1942 ስለሆነ ከእንግሊዝ ይነሱ የነበሩት በዚህ አዲሱ ቀለም ነው የበረሩት። በሜዲትራኒያን በኩል ከተዋጉት ብዙዎቹ ግን የበረሃ ቀለም ነበራቸው። የያዝሽው ዲካል የየትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ እይው፤ ቀለሙና ዲካሉ እንዳይጣሉ።

ሌላም ልብ በይ። ማርክ 9 ባለ አራት ምላጭ ፕሮፔለር ነው። ማርክ 5 ነው ባለ ሦስት። አንዳንድ ኪት ውስጥ ሁለቱም ይመጣሉ።

ጋሽ ሞረድ፦

ዲካሉ ተረስቷል። ብር የመሰለው ከሥሩ የታፈነ አየር ነው። የማያብረቀርቅ ቀለም በዓይን ለስላሳ ቢመስልም ገጹ ሻካራ ነው፤ ዲካሉ በሻካራው ጫፍ ላይ ይተኛል፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ አየር ይቀራል። ስለዚህ ከዲካል በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀቢ። ከላይ ደግሞ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ ንኪው። ዲካሉ ይሸበሸባል፣ ትደነግጫለሽ፤ አትንኪው፣ ራሱ ተመልሶ ይተኛል። የተበላሸብሽን በቀጭን መርፌ ወጋ ወጋ አድርገሽ ፈሳሹን ጨምሪበት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሚው። ሁሉም ሲያልቅ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከላይ።

አዲሷ ገጣጣሚ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥር ቀን ጠፋሁ፤ ምክራችሁን አንድ በአንድ ስሠራ ነበር።

የቴፑን ሙከራ አደረግሁ። ጅራቱ ያዘ፣ ቀኝ ክንፉም ያዘ። ስለዚህ የተላጠውን ብቻ አሸሁት፣ ፕራይመር ቀባሁ፣ ግራጫውን በሦስት ስስ ዙር መለስኩ። ከቅርብ ካላዩት አይታወቅም። ክፍተቱን በአክሪሊክ ፑቲና በጆሮ ጥጥ ዘጋሁት፤ ጋሼ፣ መስመሮቹ አንዳቸውም አልጠፉም! መስታወቱ ከፍሪዘር ወጥቶ ጠቅ ብሎ ለቀቀ። ቫርኒሹ ውስጥ ሳጠልቀው ሲጠራ ሳይ ጮኬያለሁ። ፕሮፔለሩም በእርግጥ ባለ ሦስት ምላጩን ነበር የለጠፍኩት፤ ቀይሬዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። መስታወቱን በነጭ ኮላ መልሼ፣ ፍሬሙን ለመቀባት በትንንሽ ቴፕ ሸፍኜዋለሁ። ቴፑን ፍሬሙን እንደቀባሁ ላንሳው ወይስ ልቆይ?

ባለወረንጦ፦

ቆዪ። የማያብረቀርቀው ቫርኒሽ እስኪቀባና እስኪደርቅ ድረስ ቴፑ እዚያው ይሁን፤ አለዚያ ቫርኒሹ መስታወቱን መልሶ ያደበዝዘዋል። ከማንሳትሽ በፊት በአዲስ ምላጭ የቴፑን ጠርዝ ተከትለሽ ቀለሙን በስሱ ቁረጪው፣ ከፍሬሙ ጋር እንዳይላጥ። ከዚያ ከጥግ ጀምረሽ በወረንጦ።